ፕሮፌሰሩ የማን ነው?

በአሜሪካ ትንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲና በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚያስተምረው ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ገብቶ የተማረባቸው ግን አይቀላቅላቸውም።

በ1986 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጥገና ሠራተኛ የመሰሉ ወጣቶች ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዲና ከተማ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ካልቴክ፣ ግቢ ገቡ። ያመሩት ፍሌሚንግ ወደተባለው የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። እዚያ ደጃፍ ላይ 1.7 ቶን ገደማ የሚመዝን የ19ኛው ክፍለ ዘመን መድፍ ቆሟል፤ ተማሪዎች ፈተና ሲያልቅና ምረቃ ሲደርስ ባሩድ አጉርሰው ያስጮኹታል። “ሠራተኞቹ” መድፉን ጎትተው ጫኑና ይዘውት ሄዱ። ለካስ ሠራተኞች ሳይሆኑ የሃርቪ መድ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። መድፉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ኮሌጃቸው ያለበት ክሌርሞንት ከተማ ገባ፤ ኋላም ተመለሰ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2006፣ ያንኑ መድፍ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት (ኤም አይ ቲ) ተማሪዎች ሰርቀው አገር አቋርጠው ማሳቹሴትስ አደረሱት።

የኤም አይ ቲው ስርቆት በሁለት ታላላቅ ስሞች መካከል ያለ ፉክክር ነው፤ ብዙ ተወርቶለታል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ሌባውና ባለንብረቱ እጅግ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ጋ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ሁለቱም የሚታወቁት በሳይንስና በምህንድስና ነው። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው ፈተናውን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ይዞት ይሄዳል፤ ሰዓቱን የሚይዘው ራሱ ነው፤ ደብተር ክልክል ከሆነም የሚዘጋው ራሱ ነው፤ ተቆጣጣሪው የክብር ደንቡ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚገኙት ከሳን ገብርኤል ተራሮች ግርጌ ነው። ይሁንና ካልቴክ በዓለም ከታወቁት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን ሃርቪ መድ የሚመደበው ከሊበራል አርትስ ኮሌጆች ተራ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የሚለያቸው?

ማታ የቤተ ሙከራዎቹን መስኮት ማየት ይበቃል። ካልቴክ ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት የሚያበሩት በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ለጥቂት ዓመታት ለምርምር የተቀጠሩ ወጣት ሳይንቲስቶች ናቸው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ብቻ 1,400 ገደማ ይሆናሉ፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ይበልጣሉ። ተቋሙ ከዚህም ሌላ ለናሳ የሚሠራውን ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ያስተዳድራል፤ ማርስ ላይ የሚሽከረከሩት መኪኖች የተሠሩት እዚያ ነው። ሃርቪ መድ ውስጥ ግን አንድም የዶክትሬት ተማሪ የለም። ፕሮፌሰሩ አንድ ሙከራ ላይ የሚያግዘው ሰው ቢፈልግ ያለው የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ነው። የቀረው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የሰዓቱና የገንዘቡ ሒሳብ

በአሜሪካ አንድ ወጣት ፕሮፌሰር ሲቀጠር የሙከራ ጊዜ ይሰጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት። ጊዜው ሲያልቅ ወይ “ቴኑር” የሚሉትን፣ በቀላሉ የማይነጠቅ ቋሚ ሥራ ያገኛል፣ ወይ ሻንጣውን ያዘጋጃል። በመካከሉ ሌላ በር የለም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የሚለካበት ነገር ምን ጊዜም ከአእምሮው አይወጣም።

የምርምር ዩኒቨርሲቲ የሚለካው በምርምር ነው። ምን አሳተመ? ምን ያህል የምርምር ገንዘብ አመጣ? በዓለም ላይ ያሉት የሙያው ታላላቆች ስለ ሥራው ምን ይላሉ? ማስተማሩም ይታያል፤ ነገር ግን ድንቅ አስተማሪ ሆኖ ደካማ ተመራማሪ የሆነ ሰው እዚያ እምብዛም አይቆይም። በዓመት የሚሰጠው ኮርስም ጥቂት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን የተለመደ ነው። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሲመጡ ኮርሱ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ይደርሳል፤ ቴኑር ሲወሰን የተማሪዎች ምስክርነትና ባልደረቦች ክፍል ገብተው ያዩት ነገር ትልቅ ድምፅ አለው። ምርምርም ይጠበቅበታል፤ የተሻሉት ኮሌጆች እንዲያውም አጥብቀው ይጠብቃሉ። ግን ማስተማር የማይችል ሰው በምርምሩ ብቻ አይድንም።

ገንዘቡም መንገዱ ለየቅል ነው። በምርምር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሩ እንደ አንድ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለፌዴራሉ የሳይንስ ወይም የጤና ተቋም የምርምር ሐሳቡን ጽፎ ይወዳደራል፤ ካሸነፈ በሚያገኘው ገንዘብ የዶክትሬት ተማሪዎቹን ይከፍላል፣ መሣሪያ ይገዛል፣ የክረምት ደመወዙንም ይሸፍናል። በዚያ ላይ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ለመብራቱ፣ ለሕንፃውና ለአስተዳደሩ የሚሆን “ኦቨርሄድ” ይጨምራል፤ በብዙ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ጭማሪው ለምርምሩ ከተሰጠው ገንዘብ ግማሹን ያልፋል። በየካቲት 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይህን ጭማሪ በ15 በመቶ ሊገድብ ሲነሣ ዩኒቨርሲቲዎች የጮኹት፣ ክፍለ ግዛቶችም ፍርድ ቤት የሮጡት ለዚህ ነው፤ ቦስተን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤትም ዕቅዱን አገደው። እንደ ዊሊያምስና ግሪኔል ላሉ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ይህ ዜና የጎረቤት ጉዳይ ያህል ነው። የእነሱ ኑሮ የቆመው በተማሪ ክፍያና የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ባወረሷቸው ቋሚ ሀብት ላይ ነው። ታዲያ በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲዎች ቋሚ ሀብት ላይ ያለው ግብር ከፍ ሲል፣ ክፍያ የሚከፍሉ ተማሪዎቻቸው ከ3,000 በታች የሆኑትን ሕጉ ነፃ አወጣቸው። በዚህ ላይ ካልቴክና ዊሊያምስ እኩል ተጠቃሚ ሆኑ። ትንሽነት አንድ ያደረጋቸው ብርቅ አጋጣሚ ነው።

ፋይንማን ያልረካበት ክፍል

የምርምር ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው የሚገባለት ቃል አንድ ነው፤ ሳይንሱን ከሚሠሩት ሰዎች አፍ ትሰማለህ። ካልቴክ ይህን ቃል ከማንም በላይ የፈጸመው ከ1961 እስከ 1963 ነው። ሪቻርድ ፋይንማን፣ ጥቂት ቆይቶ በ1965 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የፊዚክስ ሊቅ፣ ለአንደኛና ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስን ከሀ ጀምሮ ሊያስተምር ተነሣ። 180 ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ፋይንማን ይናገራል፤ ከዚያ ተማሪው ከ15 እስከ 20 እየሆነ በረዳት መምህራን መሪነት ጥያቄ ይሠራል። ንግግሩ ተቀድቶ በሦስት ቅጽ ታተመ። ዛሬም ፊዚክስ የሚወድ ሰው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ያኖረዋል።

የሚገርመው የመጽሐፉ መቅድም ነው። ፋይንማን እዚያ ላይ ለአብዛኛው ተማሪ ጥሩ አድርጌያለሁ ብሎ እንደማያምን በግልጽ ጻፈ። ከጥቂት ጎበዞች በቀር ሌላው ምን ያህል እንደገባው አጠራጥሮታል። ጨምሮም ትምህርት በእርግጥ የሚሰምረው አንድ ተማሪና አንድ ጥሩ መምህር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሐሳብ ሲለዋወጡ ነው አለ፤ ግን የተማሪው ብዛት ይህን አይፈቅድም ብሎ ተከዘ። በዘመኑ ካሉት የፊዚክስ መምህራን ሁሉ የተደነቀው ሰው፣ በምድር ላይ ካሉት ምርጥ ግቢዎች በአንዱ ቆሞ፣ የሊበራል አርትስ ኮሌጅን መከራከሪያ በራሱ እጅ ጻፈ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም።

ፋይንማን የተመኘው ዓይነት ክፍል በማሳቹሴትስ ተራራማ ጥግ፣ ዊሊያምስ ኮሌጅ ውስጥ ይገኛል። ኮሌጁ በ1793 የተቋቋመ ነው፤ 2,000 ገደማ ተማሪ አለው። እዚያ “ቱቶሪያል” የሚሉት ኮርስ ከእንግሊዙ ኦክስፎርድ የተቀዳ ሲሆን አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮርሱን የሚወስዱት አሥር ያህል ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ጥንድ ከፕሮፌሰሩ ጋር አንድ ሰዓት ይቀመጣል። አንዱ ተማሪ የጻፈውን አምስት ወይም ሰባት ገጽ ያቀርባል፤ ሌላው ይተቻል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይለዋወጣሉ። ፕሮፌሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ከኋላ ወንበር መደበቅ አይቻልም፤ ሳያነቡ መምጣትም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጋለጣል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ያለው ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል፤ ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ይሁንና ያው ቅኔ ቤት የሌላውንም ልማድ ይዟል፤ ተማሪው ሲበዛ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስተምራል፤ ይህ ደግሞ ካልቴክ የዶክትሬት ተማሪውን ልምምድ ክፍል ከሚያቆምበት አሠራር ብዙም አይርቅም።

ቱቶሪያል ውድ ነው። አሥር ተማሪ ለማስተማር ፕሮፌሰሩ በሳምንት አምስት ሰዓት ያንኑ ርዕስ አምስት ጊዜ ያዳምጣል። በዚያው ጊዜ የምርምር ዩኒቨርሲቲው ባልደረባው አዳራሽ ገብቶ ለሁለት መቶ ተማሪ ተናግሮ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሷል። ገንዘብ የሚቆጥር አስተዳዳሪ የቱን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልግም።

ሁለቱ እንዴት ተለያዩ

በአሜሪካ ቀድሞ የነበረው ኮሌጅ ነው። ሃርቫርድ በ1636፣ ዬል በ1701 ሲጀምሩ ሥራቸው ወጣቶችን በላቲን፣ በግሪክኛና በሥነ ምግባር መቅረጽ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ አዲስ ነገር እንዲያገኝ ማንም አልጠየቀውም። ምርምርን የዩኒቨርሲቲ እስትንፋስ ያደረጉት ጀርመኖች ናቸው፤ ዊልሄልም ፎን ሁምቦልት በ1810 በርሊን ላይ ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ አርአያ ሆነ። አሜሪካውያን ወጣቶች ባሕር ተሻግረው እዚያ ተማሩ፤ ሲመለሱ አገራቸው ያለው ኮሌጅ ጠበባቸው። በ1876 ባልቲሞር ላይ የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ የጀርመኑን መንገድ በይፋ የተከተለ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉስተር ከተማ ያለው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ከዚያም ብሶ በ1889 ሥራ ሲጀምር ለድኅረ ምረቃ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የተቀበለው በ1902 ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1909 አሜሪካ መጥቶ ንግግር ያደረገው በዚህ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አብዛኞቹ ታላላቅ ኮሌጆች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ጨምረው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ አምኸርስት፣ ስዋርትሞር፣ ካርልተን፣ ፖሞና እና መሰሎቻቸው በቀድሞው መንገድ ቀሩ። ስለዚህ ኮሌጅ ሆኖ መቅረት አቅም ማጣት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ለአብዛኞቹ ምርጫ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አሜሪካ ላይ ግን መልአኩ ተሳስቷል። በኒው ሃምፕሸር ያለው ዳርትመዝ ኮሌጅ የሕክምና፣ የምህንድስናና የንግድ ትምህርት ቤት ያለው፣ ዶክትሬት የሚሰጥ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ “ኮሌጅ” የሚለውን ስም ያልተወው ኮሌጁን መንግሥት እንዳይወስድበት ተሟግቶ በ1819 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስላሸነፈና በስሙ ስለሚኮራ ነው። በአንጻሩ ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምርበት ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ጠባዩ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፤ ጥቂት የዶክትሬት ፕሮግራሞች ብቻ አሉት። ደራሲው ዲናው መንግሥቱ የሚያስተምርበት ባርድ ደግሞ ኮሌጅ ተብሎም ኮሌጅ ነው፤ ቢያንስ እዚህ ላይ መልአኩ አልተሳሳተም።

ስም ካታለለ መለያው ሌላ ነው። ካርኔጊ የተባለው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ምደባ በ2025 ባወጣው መስፈርት አንድ ዩኒቨርሲቲ ከላይኛው የምርምር እርከን ለመግባት በዓመት ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዶላር ለምርምር ማውጣትና 70 የምርምር ዶክትሬት መስጠት አለበት። ዳርትመዝ፣ ካልቴክ፣ ሂውስተን ያለው ራይስና ከቦስተን አጠገብ ያለው ብራንዳይስ ተማሪያቸው ጥቂት ሆኖ ይህን ያልፋሉ። “ትንሽ የምርምር ዩኒቨርሲቲ” ሲባል የሚታሰቡት እነዚህና መሰሎቻቸው ናቸው። በነገራችን ላይ ሊበራል አርትስ የሚለውን ሰምቶ ሥዕልና ቲያትር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስዋርትሞርና ስሚዝ ምህንድስና ያስተምራሉ። ኦሬጎን ያለው ሪድ ኮሌጅ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ የራሱ የኑክሌር ማብለያ አለው፤ በዋናነት የሚያንቀሳቅሱት ከመንግሥት ፈቃድ የወሰዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚያጠኑት ፍልስፍና ወይም ታሪክ ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ያንን ቁልፍ ለ20 ዓመት ልጅ ማን ይሰጠዋል?

ሳይንቲስት የሚወጣው ከየት ነው

እዚህ ላይ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ሳይንቲስት መሆን የሚፈልግ ልጅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ይሂድ የሚለው ምክር ግልጽ ይመስላል። ዶክትሬት የያዙ አሜሪካውያን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የት እንደሠሩ ሲቆጠርና በየተቋሙ ተመራቂ ብዛት ሲካፈል ካልቴክ በሳይንስና ምህንድስና ከሁሉ ይልቃል። ይህ አያስገርምም። ከእግሩ ሥር የሚከተለው ግን ሃርቪ መድ ነው፤ ሪድና ስዋርትሞርም ከብዙ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች በላይ ይቀመጣሉ።

በ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ቶማስ ቼክ በ1999 በዚህ ጉዳይ ላይ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። እሱ ራሱ በአይዋ በቆሎ ማሳ መካከል ካለው ግሪኔል ኮሌጅ የተመረቀ ነው፤ ያስተምር የነበረው ግን በትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ፣ በኮሎራዶ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት ያውቃል። ኮሎራዶ ከእሱ ጋር ከሠሩት ወጣት ተመራማሪዎች አንዷ ጄኒፈር ዳውድና ነበረች፤ በ2020 በጂን አርትዖት ኖቤል ያገኘችው ሳይንቲስት። እሷም ኬሚስትሪ የተማረችው የሃርቪ መድ ጎረቤት በሆነው ፖሞና ኮሌጅ ነው። ዶክትሬቷን ሃርቫርድ ሠራች። መንገዱን ልብ ይሏል፤ ሁለቱም መጀመሪያ ስማቸው የሚታወቅበት ትንሽ ቤት፣ ከዚያ መሣሪያ የሞላበት ትልቅ ቤት ገቡ።

ምክንያቱ ብዙ ምሥጢር የለውም። የዶክትሬት ተማሪ በሌለበት ቤተ ሙከራ ሙከራውን የሚሠራው፣ ሲበላሽም የሚያስተካክለው፣ ውጤቱ ሲታተም ስሙ የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ነው። በምርምር ዩኒቨርሲቲ ያው ልጅ ቤተ ሙከራ ሲገባ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ፕሮፌሰሩን የሚያገኘው በሳምንታዊው ስብሰባ ነው።

ግን ለኮሌጆቹ ብቻ ማድላት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በመስከረም 2015 ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ የተነሣው የስበት ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ ሥራውን ከመሩት ሦስት የኖቤል ተሸላሚዎች ሁለቱ፣ ኪፕ ቶርንና ባሪ ባሪሽ፣ የካልቴክ ነበሩ። እንደ ካርልተን ያሉ ኮሌጆች በዚያ ሥራ ተሳትፈዋል፤ ሊመሩት ግን አይችሉም፤ በአራት ኪሎ ሜትር ርዝመት የተዘረጋ መሣሪያ ለዐሥርት ዓመታት የሚያቆም ገንዘብና ሠራዊት የላቸውም። ለካልቴክ ተማሪ፣ ያ ሁሉ ሲሆን በኮሪደሩ ማለፍ በራሱ ትምህርት ነው። ካልቴክ ከ1979 ጀምሮ በየክረምቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ደመወዝ ከፍሎ ምርምር ላይ ያሰማራል። በር የሚያንኳኳ ልጅ እዚያ የሚያገኘውን የትም አያገኝም። አንገቱን የሚደፋ፣ መጠየቅ የሚያፍር ልጅ ግን አራት ዓመት ማንም ስሙን ሳይጠራው ሊመረቅ ይችላል።

ኮሌጁ ሌላም ጉድለት አለው። በሒሳብ የፈጠነ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ያሉትን ኮርሶች ሊጨርሳቸው ይችላል፤ በምርምር ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬቱን ኮርስ ይወስዳል፤ እዚህ ግን ፕሮፌሰር ለምኖ ለብቻው ማንበብ ነው ዕድሉ። አንድ የትምህርት ክፍል አምስት መምህራን ብቻ ካሉት፣ ከአንዱ ጋር መጣላት የዲግሪውን አንድ አምስተኛ ማጣት ነው። ከተሞቹም ትንንሽ ናቸው፤ የግሪኔል ወይም ዊሊያምስ ያለበት የዊሊያምስታውን የበረዶ ወቅት የአዲስ አበባን ልጅ ያስጨንቃል፤ እንጀራ ያማረው ሩቅ መንገድ ይጠብቀዋል። የኮሌጁም ስም አገር ቤት ያለ ቀጣሪ ጆሮ ውስጥ አይገባም። “ስዋርትሞር? የግል ኮሌጅ ነው እንዴ?” መባሉን ቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

እኛ ቤት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1950 ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር። የሚመራው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበር፤ ሥራውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ማስተማር ነበር። በ1961 ስሙ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ግን በ1978 ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በስም ምንም ይባል፣ መምህሩ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው የተሰጠ ነበር። ከዚያ ዘመን የወጡ ሰዎች ዛሬም መምህሮቻቸውን በስም እየጠሩ ማውራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

በቅርብ ዓመታት መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልእኮ ሲለይ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። የቀሩት በአብዛኛው አፕላይድ ወይም አጠቃላይ ተባሉ። መለየቱ መልካም ነው። ነገር ግን “የምርምር” የሚለው ማዕረግ የክብር ወንበር ሆነና ሌላው ሁሉ ወደዚያ ለመውጣት ሲንጠራራ ይታያል። ኩራቴ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዬን ማስተማር ነው ብሎ የተነሣ፣ መምህሩንም በዚያ የሚያሳድግ አንድ ትንሽ የመንግሥት ኮሌጅ የለንም። ከ2019 ወዲህ የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ከሎጂክና ከክሪቲካል ቲንኪንግ ጀምሮ የሊበራል አርትስን መልክ የያዘ ነው። ኮርሱ ግን ብቻውን ምን ያደርጋል? አመዛዝኖ ማሰብን ለመቶ ተማሪ በድምፅ ማጉያ ማስተማር ዋናን በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተማር ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባም ሆነ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣችሁ ለልጃችሁ ትምህርት ቤት የምትመርጡ ወላጆች፣ በራሳችሁም የምታመለክቱ ተማሪዎች፣ የደረጃ ሰንጠረዡን ለጊዜው አጥፉና የሚቀጥለውን ለየተቋሙ ጽፋችሁ ጠይቁ። የአንደኛ ዓመት ካልኩለስና የጽሕፈት ኮርስ የሚያስተምረው ማን ነው፤ ፕሮፌሰር ወይስ የዶክትሬት ተማሪ? ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ስንቱ ከፕሮፌሰር ጋር የመመረቂያ ጥናት ሠራ? ልጁ የሚፈልገው የትምህርት ክፍል ስንት ቋሚ መምህር አለው? ኮርሶቹን ቀድሞ ቢጨርስ ወዴት ይላካል? ለዶክትሬት ሲያመለክት የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉለት ሦስቱ ሰዎች በእርግጥ ያውቁታል? ልጁ ቀድሞ መንገዱን የቆረጠ፣ በር ደብዳቢ ከሆነ ትንሹ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ይሻለዋል። የሚወደውን ገና የሚፈልግ፣ ሲጠሩት የሚከፈት ከሆነ ኮሌጁን ምረጡለት፤ በኔ ግምት ከአሥሩ ልጆች ሰባቱ እንዲህ ናቸው።

በዋጋ አትደንግጡ። በሁለቱም ወገን የዓመቱ ክፍያ ከ80,000 ዶላር በላይ ሆኖ ይነበባል፤ ሆኖም ዳርትመዝ፣ ከኮሌጆቹም አምኸርስትና ቦውደን የውጭ አገር ተማሪን እንኳ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ይሞላሉ። የአብዛኞቹ መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆች ጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት፣ በእኛ ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው።